«የማዞር መድኃኒት ስጪኝ»

መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። «ልጄ፣ የማዞር መድኃኒት ስጪኝ» ሲሉኝ እጄ ወዲያው ወደ መደርደሪያው አይሄድም። «እማማ፣ ቤቱ ነው የሚዞርብዎት ወይስ ዓይንዎ ጭልም ነው የሚልብዎት? ምን ሲያደርጉ ይነሣል? ስንት ጊዜ ይቆያል?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው «ግፊቴ ነው» ወይም «ደም ማነስ ነው» ብሎ ራሱን መርምሮ ጨርሶ ነው የሚመጣው። ቤቱ የሚዞር ከሆነ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ጆሮን ነው።

አልጋ ላይ ሲገላበጡ ወይም ቀና ሲሉ ይነሣል? ከአንድ ደቂቃ በታችስ ይቆማል? እንግዲያው ቢፒፒቪ የሚባለው የጆሮ ችግር ሊሆን ይችላል። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ሚዛን የሚጠብቁ ጥቃቅን የካልሲየም ቅንጣቶች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ጭንቅላት ሲመታ ይላቀቁና ፈሳሽ ወዳለባቸው ቀለበት መሰል ቱቦዎች ይገባሉ። ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንከባለላሉ፤ አንጎልም ሰውየው የሚሽከረከር ይመስለዋል። ቅንጣቱን ወደ ቦታው የሚመልስ ክኒን የለም። የሚመልሰው እንቅስቃሴ ነው፤ ባወጣው አሜሪካዊ ሐኪም ስም ኤፕሊ ይባላል።

የታመመው ጆሮ ወደ እሱ ዞረው ሲተኙ ማዞሩን የሚቀሰቅሰው ነው። የቀኙ ነው እንበል። አልጋ ላይ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ፤ ሲተኙ ትከሻዎ ሥር የሚሆን ትራስ ከኋላዎ ያድርጉ። ራስዎን ወደ ቀኝ 45 ዲግሪ ያዙሩ። እንደዞሩ ቶሎ ብለው በጀርባ ይተኙ፤ ራስዎ ወደ ኋላ ትንሽ ዘንበል ይበል። ያዞርዎታል፣ አይደንግጡ። እስኪያቆም፣ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይቆዩ። ራስዎን ሳያነሡ ወደ ግራ 90 ዲግሪ ያዙሩ፤ አሁንም 30 ሰከንድ። ከዚያ በግራ ጎንዎ ዞረው ፊትዎን ወደ ወለሉ ያድርጉ፤ ሌላ 30 ሰከንድ። አገጭዎን ወደ ደረት አድርገው በዚያው በግራ በኩል ቀስ ብለው ይነሡ። የግራ ጆሮ ከሆነ ሁሉም በተቃራኒው ነው። መጀመሪያውን የአንገት በላይ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ያሠራዎት። አንገትዎን ወይም የዓይንዎን ሬቲና የሚያምዎት ከሆነ ሳያማክሩ አይሞክሩት።

ሲነሡ ጭልም የሚልዎት ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ተኝተው ግፊትዎን ይለኩ፤ ከዚያ ቆመው በ3 ደቂቃ ውስጥ ይድገሙ። የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ለሐኪምዎ ይንገሩ። የግፊትና የሽንት ክኒኖች ይህን ያመጣሉ። በራስዎ ግን አያቁሟቸው። በጾም ወቅት የስኳር መድኃኒት ውጠው እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ የሚቆዩም አሉ። የደም ስኳር ከ70 mg/dL በታች ሲወርድ ያዞራል፣ ያልባል፣ ያንቀጠቅጣል። ያኔ ስኳር በውሃ በጥብጦ መጠጣት ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄ ከጆሮው በላይ ያስፈራኛል።

ለሰዓታት የሚቆይ ማዞር ከጆሮ ጩኸትና ከመስማት መቀነስ ጋር ከመጣ ሜኒዬር የሚባለው የውስጠኛው ጆሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። ጉንፋን ከያዘ በኋላ ቀናትን የሚዘልቅ ደግሞ የሚዛን ነርቭ ብግነት ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ሐኪም ይለያቸው።

ሲናሪዚን የሚባለው የማዞር ክኒን ማስታወክና ማዞር ሲበረታ ለጥቂት ቀናት ይጠቅማል። ወራት ሙሉ የሚውጡት አዛውንቶች ግን እንደ ፓርኪንሰን እጃቸው ሊንቀጠቀጥና እርምጃቸው ሊጎተት ይችላል። «ጎረቤቴን ተስማምቷታል» የሚለኝን ሰው ክኒን አልሸጥለትም፤ ይቆጣኛል፣ ይቆጣ።

ከማዞሩ ጋር ፊት ከተጣመመ፣ ምላስ ከተሳሰረ፣ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ቆሞ መሄድ ካቃተ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል እኔ ጋ አይምጡ። ቀጥታ ሆስፒታል፣ ድንገተኛ ክፍል።