የብራና መጽሐፍ ለመሥራት ሲነሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእጅ የሚሠራ መጽሐፍ ፍቅር የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ብዕሩ ነው። ፊደል ይለማመዳል፣ ሐረግ የሚባለውን የገጽ ጌጥ ይስላል። ነገር ግን አብዛኛው የብራና መጽሐፍ የሚበላሸው ገና አንድ ፊደል ሳይጻፍበት ነው። ወሎ ደግሞ የዚህ ሙያ አገር ነው። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል የተጻፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 ነው። ከ700 ዓመት በላይ የቆየው ጸሐፊው ጎበዝ ስለነበረ ብቻ አይደለም፤ ቆዳውም በደንብ ስለተሠራ ነው። ስለዚህ ከቆዳው እንጀምር።

የመጀመሪያው ስህተት ያገኙትን ቆዳ መግዛት ነው። በበዓል ሰሞን የፍየል ቆዳ እንደ ልብ ይገኛል። ግን በጥድፊያ ሲገፈፍ ቢላ ይነካዋል። ጭረቱ ቆዳው እርጥብ እያለ እምብዛም አይታይም። ተወጥሮ ሲደርቅ ግን ይከፈትና ሞላላ ቀዳዳ ይሆናል። በድሮ መጻሕፍት ላይ ጸሐፊው ቀዳዳውን ዞሮ ያለፈባቸው፣ ወይም ዙሪያው በክር የተሰፋባቸው ገጾች የምናየው ለዚህ ነው። የተሻለው መንገድ አራጁን አስቀድሞ ማነጋገር ነው። ቢላውን ትቶ በጡጫ እየገፋ ይግፈፍልዎ። ጨው የተነሰነሰበት ቆዳ ከገዙም ጨርሶ እስኪለቅ ይጠቡት። ጨው እርጥበት ይስባል፤ ብራናው ውስጥ ከቀረ ክረምት በመጣ ቁጥር ያስቸግርዎታል።

ሁለተኛው በፍቀት፣ ማለትም ቆዳውን በመፋቅ ሥራ፣ መቸኮል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሙያው ልብ እሱ ነው። በአውሮፓው አሠራር ቆዳው በኖራ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ጸጉሩ የሚነሣውም ከመወጠሩ በፊት ነው። በእኛ አገር ልማድ ኖራ የለም። ቆዳው በውሃ ይዘፈዘፋል፣ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ይወጠራል፣ የሥጋው ወገን ይጸዳል፤ ጸጉሩ የሚፋቀው ከደረቀ በኋላ ነው። የሁለቱ ቅደም ተከተል የተለያየ ስለሆነ ከቪዲዮ ያዩትን ከአገር ቤቱ ጋር አያቀላቅሉ። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይከተሉት።

ቆዳን ብራና የሚያደርገው ተወጥሮ መድረቁ ነው። ሳይደርቅ ከመወጠሪያው ካወረዱት ይሸበሸባል፤ በኋላም ቀጥ አይልም። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጉምና ብርድ የማያጣት ከተማ ናት። እዚያ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፍቀት ባይጀምሩ እመክራለሁ። ቁልቁል ኮምቦልቻ ላይ ሙቀት ስላለ ቶሎ ይደርቃል። ስቡንም ጨርሰው ያውጡ። ስብ የቀረበት ቦታ ቀለም አይዝም፤ ፊደሉ እዚያ ላይ ሲደርስ ይንሸራተታል።

ሦስተኛው ስፋቱን ሳያሰሉ መስመር ማውጣት ነው። ወንጌል ብዙውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ይጻፋል። መዝሙረ ዳዊት ግን በአንድ ዓምድ ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ የራሱን መስመር ይይዛል። ስፋቱ ካነሰ የተረፈችው ቃል ከመስመሩ በላይ ወይም በታች ተንጠልጥላ ትቀራለች። 150ውን መዝሙር እንዲህ እያንጠለጠሉ መጨረስ ያሳዝናል። መጀመሪያ ረጃጅሞቹን ስንኞች ይፈልጉ። በሚጽፉበት መጠን ወረቀት ላይ ይሞክሯቸው። የገጹን ስፋት ከዚያ ይወስኑ። መስመሩን ደግሞ በእርሳስ አያስምሩ። በወስፌ ጫፍ ያለ ቀለም ይጫኑት፤ ንጹሕ ነው፣ ለዓይንም ደስ ይላል።

ስለ ቀለም ብዙ አልልም። የእስክሪብቶ ቀለም አይጠቀሙ፤ ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል። ጥቁሩ ከጥላሸትና ከሙጫ የሚሠራው ይሁን። ሙጫው ከበዛ ቀለሙ ይሰነጣጠቃል፣ ካነሰ ደግሞ በጣት ይለቃል። ስለዚህ በቁራጭ ብራና ላይ ይሞክሩት፤ ሲደርቅም አጥፈው ይዩት። ለቀዩ ሌላ መቃ ብዕርና ሌላ የቀለም ቀንድ ይያዙ። ለቀይ ቀለም ክፍት ትተውት የሄዱትን ቦታም ወዲያው ይመዝግቡት። ቅዱሳት ስሞች ሳይገቡበት ባዶውን የቀረ ገጽ ማየት በጣም ያስቆጫል።

ጥራዝ ላይ ደግሞ ሁለት ስህተት ይደጋገማል። አንደኛው የብራናውን ወገን አለመለየት ነው። የጸጉሩ ወገን ቢጫ ይላል፣ ነጠብጣብም አለው፤ የሥጋው ወገን ነጣ ያለ ነው። ጸጉር ከጸጉር፣ ሥጋ ከሥጋ ፊት ለፊት ካልተያየ መጽሐፉ በተገለጠ ቁጥር አንዱ ገጽ ጠይም ሌላው ነጭ ይሆናል። ሁለተኛው ለጥራዞቹ ቁጥር አለመስጠት ነው። አራት ሉክ አጥፈው ሲደራርቡ 8 ቅጠል፣ 16 ገጽ ያለው አንድ ጥራዝ ይሆናል። ጥራዞቹ ሲበዙ ይቀላቀላሉ። በእያንዳንዱ መጀመሪያ ላይ ፩፣ ፪፣ ፫ ብለው ይጻፉ። በዐረብኛ ፊደል በተጻፉ ብዙ ኪታቦች ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ሌላ ዘዴ ነው፤ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል በገጹ ግርጌ ይጻፋል። በአንድ ወሎ ውስጥ ሁለቱን ልማድ ጎን ለጎን ማየት መታደል ነው፤ ከሁለቱም ይማሩ።

የጥራዙን ጀርባ በኮላ አይለጥፉ። በአገራችን አሠራር ጥራዞቹን የሚይዛቸው ስፌቱ ነው። እርስ በርስ እየተያያዘ ከገበታው፣ ማለትም ከእንጨት ሽፋኑ፣ ጋር ስለሚሰፋ መጽሐፉ ዘና ብሎ ይገለጣል። ኮላ ካደረቀው ግን መሐሉን ማንበብ ትግል ይሆናል። ለገበታው እርጥብ እንጨት አይቁረጡ፤ ሲደርቅ ይጣመማል። ዋንዛም ሆነ ወይራ፣ በደንብ የደረቀ ይሁን።

መጽሐፉ ካለቀ በኋላ በፌስታል ጠቅልሎ ማስቀመጥም ትልቅ ጥፋት ነው። ብራና በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሸመቅቃል። ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ሻጋታ ያወጣበታል። ገበታው ሉኮቹን ተጭኖ ይይዛቸዋል፣ የቆዳ ማኅደሩ ከአቧራና ከግጭት ይጠብቀዋል። ማኅደሩን ግድግዳ ሳይነካ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይስቀሉት።