ምንቃር በልምምድ አያድግም፦ ስለ ወፎች ለውጥ ሲያወሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አራት ኪሎ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ወረድ ብሎ ጀበና ቡና እየጠጣን ነበር። አንዲት ርግብ እግራችን ስር የወደቀ ፈንዲሻ ትለቅማለች። ጓደኛዬ ትክ ብሎ አያትና «እነዚህ እኮ ፈንዲሻ ለምደው ነው ምንቃራቸው እንዲህ ቀጭን የሆነው» አለኝ። ሳቅኩበት። ግን እሱ ብቻ አይደለም፣ ዝግመተ ለውጥ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምንስተው እዚሁ ላይ ነው።

ወፏ ራሷ ትለወጣለች ማለት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ጂም የሚሠራ ሰው ልጁ ጡንቻ ይዞ አይወለድለትም። ወፍም እንደዚያው ናት። ፒተርና ሮዝሜሪ ግራንት የሚባሉ ተመራማሪ ባልና ሚስት ከ1973 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባሉት የጋላፓጎስ ደሴቶች ውስጥ ዳፍኒ ሜጀር በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ፊንች የሚባሉ ወፎችን እየያዙ፣ እግራቸው ላይ ቀለበት እያሰሩ፣ ምንቃራቸውን ሲለኩ ኖረዋል። በ1977 ድርቅ ገባ። ለስላሳው ጥሬ ቶሎ አለቀ። የቀረው የኛ ኩርንችት ዘመድ የሆነ እሾኻም ፍሬ ነው። በባዶ እግሩ ኳስ የተጫወተ ሰው ኩርንችትን አይረሳውም! እሱን ሰብሮ ለመብላት ወፍራም ምንቃር ይጠይቃል። አብዛኞቹ ወፎች አለቁ። የተረፉት ፈለፈሉ፤ ጫጩቶቻቸውም በአማካይ ወፈር ያለ ምንቃር ይዘው አደጉ። በድርቁ ምክንያት ምንቃሯ የወፈረ አንድም ወፍ የለችም። ቀጭኖቹ ሞቱ፣ ወፍራሞቹ ቀሩ፣ በቃ።

«ታዲያ ምንቃሩ እየወፈረ ይሄዳላ» ማለት ደግሞ ሁለተኛው ስህተት ነው። ከ2004 እስከ 2005 ሌላ ድርቅ መጣ። በዚያን ጊዜ ትልቅ ምንቃር ያለው ሌላ የፊንች ዝርያ ደሴቷ ላይ ሰፍሮ ጠንካራውን ፍሬ ይሻማ ነበር። ስለዚህ አሁን የተራቡት ወፍራሞቹ ሆኑ። ያው ወፍ፣ ያው ደሴት፣ ለውጡ ግን ወደ ኋላ። ኤችኤምጂኤ2 የሚባለው ጂን በምንቃሩ መጠን ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳለው በኋላ ዲኤንኤያቸው ሲመረመር ታይቷል።

ሦስተኛው ትንሽ ረቀቅ ይላል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ተሳስቼበታለሁ። ለእያንዳንዱ ለውጥ አዲስ ሚውቴሽን (በዲኤንኤ ላይ የሚፈጠር አዲስ ለውጥ) መጠበቅ አለበት ብዬ አስብ ነበር። እንደዚያ ቢሆን ፍጥነቱ ከየት ይመጣል? ካርታ ስትጫወት ስትበውዝ አዲስ ካርታ አትጨምርም፤ እጅህ የሚገባው ግን በየዙሩ ይለያያል። የምንቃርን ቅርጽ ከሚወስኑት አንዱ ኤኤልኤክስ1 የሚባል ጂን ነው። አንዱ ዓይነቱ ሹል፣ ሌላው ዱልዱም ምንቃር ከመያዝ ጋር አብሮ ይገኛል። ሁለቱም ዓይነቶች የቆዩ ናቸው። የፊንች ዝርያዎቹ አልፎ አልፎ ስለሚዳቀሉ ጂኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። ድርቅ ሲመጣ መልሱ ቀድሞ ደማቸው ውስጥ አለ።

በመልክ መፍረድም ያሳስታል። አውሮፓ ውስጥ ሙሉ ጥቁር ቁራ አለ፣ ግራጫ ካባ የደረበ የሚመስልም አለ። ጂናቸው ሲታይ ልዩነቱ እጅግ ጥቂት ቦታ ላይ የተከማቸ ነው። የቤት ርግብ አናት ላይ የሚቆመው ጉትዬ ደግሞ በዋናነት የአንድ ጂን ሥራ ነው። በተቃራኒው እኛ ማጅራቱ ነጭ የሆነውንም ደረቱ ነጭ የሆነውንም በደፈናው «ቁራ» ብለን እናልፋለን። ሁለት ዝርያ ናቸው።

ጓደኛዬ ቡናው እስኪደገም አሰበና «ዲቃላ ግን መካን አይደለም? እንደ በቅሎ?» አለኝ። ይህንንም ብዙ ሰው ይለዋል። በ1981 ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ከምትገኝ ደሴት አንድ ትልቅ ወንድ ፊንች ዳፍኒ ሜጀር ገባ። ከደሴቷ ወፍ ጋር ተዳቀለ። ወንድ ፊንች ዜማውን የሚማረው ከአባቱ ስለሆነ ልጆቹ የእንግዳውን ዜማ ይዘው አደጉ። የአካባቢው ሴቶች ዜማውን አልወደዱትም። ዘሮቹ እርስ በርስ ተጋቡና በጥቂት ትውልድ ውስጥ እርስ በርሳቸው ብቻ የሚዋለዱ፣ ምንቃራቸውም የተለየ ወፎች ሆኑ።