ማቀጣጠያው ነደደ፣ ሮኬቱ አልተነሳም፦ የሞዴል ሮኬት ሞተር ችግርና መፍትሄ

አራት ኪሎ ከተማሪዎች ጋር ሮኬት እንሠራለን፤ የምናስወነጭፈው ግን ከከተማ ወጥተን፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ገመዱን፣ የማስወንጨፊያውን የደህንነት ቁልፍና ሮኬቱ የሚቆምበትን ዘንግ አይታችኋል ብዬ ልለፍ። ማቀጣጠያ የምለው በኤሌክትሪክ ግሎ ሞተሩን የሚለኩሰውን ቀጭን ሽቦ ነው።

ማቀጣጠያው ነደደ፣ ሞተሩ ዝም አለ

ደጋግሞ የሚገጥመኝ ይሄ ነው። ምክንያቱም ሁሌ ያው ነው፦ የማቀጣጠያው ጫፍ ነዳጁን አልነካም። የኤስቴስ ኩባንያ ሞተር ነዳጁ ባሩድ ነው፤ ማቀጣጠያው ኖዝሉ (እሳቱ የሚወጣበት ጠባብ ቀዳዳ) ውስጥ ገብቶ ባሩዱን እስኪነካ ተገፍቶ በፕላስቲኳ መሰኪያ ይያዛል። የሌላው ኩባንያ፣ የኩዌስት፣ ኪው-ጄት ሞተር ግን ነዳጁ ኮምፖዚት (ጎማ መሰል ማያያዣ ያለው ድብልቅ) ስለሆነ ማቀጣጠያው እስኪቆም ድረስ ወደ ላይ መዝለቅ አለበት።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ልጅ ሦስት ማቀጣጠያ አቃጥሎ ጠራኝ። ሞተሩን ገልብጬ ባትሪ አበራሁበት። የኖዝሉ ከንፈር ጥቀርሻ ለብሷል፣ ውስጡ ንጹሕ ነው። ለካ የኤስቴሱን አጭር ማቀጣጠያ ኪው-ጄቱ ላይ ሰክቶት ኖሯል! ከሞተሩ ጋር የመጣውን እስከ ላይ አስገባንለት፤ አንዴ ሲጫን ተነሳ። እባካችሁ የአንዱን ፋብሪካ ማቀጣጠያ ለሌላው አታድርጉ። ሌላው ደግሞ ቀዳዳው ጠበበኝ ብሎ ኖዝሉን በሚስማር ሲፍቅ ደርሼበታለሁ። የኤስቴሱ ኖዝል ሸክላ ነው፤ ከተፈረፈረ ሞተሩ አይታመንም፣ ጣሉት።

ሳይነሳ ሲቀር መጀመሪያ ቁልፉን ንቀሉ፣ 60 ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ቅረቡ። ልጆች ሲሮጡ እያየሁ ስንት ጊዜ ጮኬአለሁ።

ማቀጣጠያውም አልነደደ

ባትሪ ድንጋዩ ነው። የኤስቴሱ 2 አምፒር ገደማ ይፈልጋል፤ በጥቅል የሚሸጡት ርካሾቹ ቴስተር ላይ 6 ቮልት ያሳያሉ፣ የማስነሻው አዝራር ሲጫን ይሞታሉ። ገንዘባችሁን አታባክኑ፣ የሞተርሳይክል 12 ቮልት ባትሪ አምጡ። ነገር ግን በትንሽ ከረንት የሚነዱ ማቀጣጠያዎች አሉ፤ እነሱን መስመሩ መገናኘቱን የሚያሳየው የመፈተሻ አምፖል ብቻ ሊያስነሳቸው ይችላል። ሰው ሳይርቅ ቁልፍ አታስገቡ።

ፓራሹቱ ሮኬቱ ገና እየወጣ ተከፈተ

ሞተሩ ላይ የተጻፈውን ኮድ እዩ፦ ሲ6-5 ላይ ፊደሉ ሞተሩ ነዶ እስኪያልቅ በድምሩ የሚሰጠውን ግፊት (ግፊት በጊዜ ሲባዛ)፣ 6 አማካይ ግፊቱን በኒውተን፣ 5 ደግሞ ነዳጁ ካለቀ በኋላ ፓራሹቱን ገፍቶ እስኪያወጣ የሚቆይበትን ሰከንድ ይናገራል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሮኬቱን የሚይዘው ስለሚያንስ ወደ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ ይንሳፈፋል። ክብደቱ ለቀለለ ሮኬት ሲ6-7 ውሰዱ። የኩዌስት ሲ12 ከኤስቴስ ሲ6 ጋር እኩል ፊደል ቢይዝም ግፊቱ እጥፍ ስለሆነ በግማሽ ያህል ጊዜ ነዶ ያልቃል፤ ክንፉ በደንብ ካልተጣበቀ ይገነጥለዋል።

ሞተሩ ፈነዳ

ብርቅ ነው። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ሲግልና ሲቀዘቅዝ የሰነበተ ባሩድ ይሰነጠቃል፤ እንዲህ ያለውን አትተኩሱ።