የማይሞቀው አሮጌ ሞተር

የድሮዋ መኪናዬ የሙቀት ጌጅ ረጅም መንገድ ላይ እንኳ ከፍ አይልም ነበር፤ ነዳጅም ትጠጣለች። ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋውን ክፍል፣ ስፈታው ቫልቩ ዝጎ ክፍቱን ቀርቷል። አውጥቶ ጥሎ ያለሱ የሚነዳ ብዙ ነው፤ ለእኔ ግን አይዋጥልኝም፤ ሞተር በቅዝቃዜው ሲሠራ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል።

አዲሱን የመረጥኩት በስፋቱ ብቻ ሳይሆን ማኑዋሉ በሚያዘው ዲግሪ ነው፤ የእኔ 82 ይላል። ከመግጠሜ በፊት በክር አንጠልጥዬ ውሃ ውስጥ ቀቀልኩት። ቴርሞሜትሩ 82 አካባቢ ሲደርስ ቀስ ብሎ ፈልቀቅ አለ፤ 95 ገደማ ላይ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ።

አገጣጠሙ፦ ስፕሪንጉ ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ። የአሮጌውን ጋስኬት (ማሸጊያ) ቅሪት ፍቄ ብሎኖቹን እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ፤ የአሉሚኒየም ክዳን ጉልበት አይወድም። ኩላንት (ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ሞልቼ፣ የራዲያተሩን ክዳን ሳልገጥም ሞተሩን አስነሳሁ፤ አየሩ ወጥቶ አረፋው ሲያቆም ክዳኑን ዘጋሁት። አሁን ጌጁ መሃል ላይ ይቆማል።