የአውድማ ቀን አመራረጥ፦ የስልክ ትንበያን ለሰሜን ሸዋ ደጋ እንዴት እናንብበው?

ነዶው ተከምሮ፣ አውድማው በእበት ተለቅልቆ፣ ደቦው ተጠርቶና ጠላው ደርሶ ሳለ ነፋስ ሲጠፋ ወይም ሰማዩ ሲጠቁር ምን እንደሚደርስ ለመንዝ፣ ለባሶና ለጅሩ ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም። ዛሬ ብዙ ቤት ስማርት ስልክ አለ፤ ስልኩ ውስጥም የአየር ትንበያ አለ። ችግሩ ቁጥሩን እንዳለ መውሰድ ነው። ትንበያው የሚናገረው ስለ ሰፊ አካባቢ አማካይ እንጂ ከቤትዎ ጀርባ ስላለው አውድማ አይደለም። በከፍታ፣ በሰዓትና በነፋስ መከለያ ካረሙት ግን እስከ ሶስት ቀን ድረስ ሥራ ለማቀድ የሚበቃ ነው።

መጀመሪያ ቦታውን ያስተካክሉ

አፑ ላይ «ደብረ ብርሃን» ብለው ጽፈው ለመሐል ሜዳ ወይም ለእነዋሪ ውቂያ አይወስኑ። ካርታውን ከፍተው መንደርዎ ላይ ጣትዎን ተጭነው ይቆዩ፤ ዊንዲን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች የዚያን ነጥብ ትንበያ ያወጣሉ። እንዲህም ሆኖ ትንበያው የሚሰላው በካሬ በካሬ ነው። ትንበያውን በኮምፒዩተር ከሚያሰሉት ሞዴሎች የአውሮፓው (ECMWF) ካሬ ወደ 9 ኪሎ ሜትር፣ የአሜሪካው (GFS) ወደ 13 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። ጣርማበር ላይ አንድ እንዲህ ያለ ካሬ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን አፋፍና ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውን ቁልቁለት አንድ ላይ አጠቃልሎ አማካይ ከፍታ ይሰጠዋል። የሚያወጣው ሙቀት የላዩም የታቹም አይሆንም።

ማረሚያው ቀላል ነው። በየ100 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ በ0.65 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አፑ የተጠቀመበት ከፍታ 2,600 ሜትር ከሆነና መንደሩ 3,000 ላይ ከሆነ፣ ከተነገረው የቀን ሙቀት 2.6 ዲግሪ ይቀንሱ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ገደማ መሆናቸውን ካሰቡ በሁለቱ መካከል የአስር ዲግሪ ልዩነት ለምን እንዳለ ይገባዎታል። ይህ ስሌት የማይሠራው ጥርት ባለና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ነው። ያኔ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ውርጭም ከኮረብታው ይልቅ ታች ያለውን ማሳ ይመታል። የአውድማን ጤዛ ሲገምቱ ይህን አይርሱ።

ሰዓቱን ይመልሱ

አፑ «ዝናብ በ4» ካለ ብዙ ሰው ረፋድ ላይ አድርጎ ይረዳዋል፤ ስልኩ ግን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓትን እያለ ሊሆን ይችላል። ስህተቱን ለመዝጋት ስልኩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ያድርጉትና ስድስት ይቀንሱ፦ 10:00 ረፋድ 4 ሰዓት፣ 16:00 ከሰዓት 10 ሰዓት ነው። ቁጥሩ ከስድስት ካልበለጠ ስድስት ይደምሩ፤ 03:00 ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ከ18 ካለፈ ደግሞ 18 ይቀንሱ፤ 20:00 ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። አንዳንድ ካርታ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ ዩቲሲ ያሳያል። ያኔ መጀመሪያ ሶስት ይጨምሩ፦ 12 ዩቲሲ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ቀኑም እንዲሁ ያሳስታል። ኖቬምበር 21 በአብዛኛው ዓመት ህዳር 12፣ የህዳር ሚካኤል ዕለት ነው፤ የሳምንቱ ምርጥ ነፋስ እዚያ ላይ ቢያርፍ ደቦ አይጠራበትም።

ዝናቡን በሚሊ ሜትር ያንብቡ

«30 በመቶ» ማለት የቀኑ ሲሶ ይዘንባል ወይም የመንደሩ ሲሶ ይረጥባል ማለት አይደለም። ተመሳሳይ ትንበያ በተሰጠባቸው አስር ቀናት ውስጥ በሶስቱ ገደማ ይዘንባል ማለት ነው። በመቶኛው ብቻ አይወስኑ፤ አጠገቡ ያለውን ሚሊ ሜትር ይዩ። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ወርዱ 10 ሜትር የሆነ ክብ አውድማ 78 ካሬ ሜትር ተኩል ገደማ ስፋት ስላለው 5 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ 400 ሊትር ያፈስበታል፤ ልቅላቂው ተላቆ እህሉ ከአፈር ይቀላቀላል። ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ግን ክምሩን ሸፍኖ ማሳለፍ ይቻላል።

የበጋ ዝናብ ከክረምቱ የሚለየው በአመጣጡ ነው። በህዳርና በታኅሣሥ የተለመደው ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ነው። ከሜዲትራኒያን በኩል ወደ ደቡብ የሚዘልቅ የላይኛው አየር መታጠፊያ፣ ከዓረቢያ ባሕርና ከቀይ ባሕር የሚገባውን እርጥበት ሲያገኝ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ይወርዳል። ይህ ዓይነቱ ሰፊ ስለሆነ ሞዴሎቹ ከሶስትና ከአራት ቀን በፊት ደህና አድርገው ያዩታል፤ ሲመጣም አንድ ከሰዓት ብቻ ሳይሆን ሁለት ሶስት ቀን ሊቆይ ይችላል። በመስከረምና በጥቅምት መጀመሪያ የሚጥለው የከሰዓት ነጎድጓድ ግን በየመንደሩ ስለሚለያይ፣ «ነገ 9 ሰዓት ላይ እዚህ ይጥላል» ብሎ በትክክል የሚነግርዎ አፕ የለም።

ሰማዩም ይመሰክራል። ከምዕራብ በኩል ስስ ነጭ የላይ ደመና ተዘርግቶ ጨረቃ ክብ ካበጀች፣ በተለይም ሌሊቱ ከወትሮው ሳይበርድ ካደረ፣ እርጥበት እየገባ ነው። ብርድ ያለበት ጥርት ያለ ሌሊት በተቃራኒው ለውቂያ መልካም ዜና ነው።

ለአፋፍ ነዋሪ አንድ የተለየ ማሳሰቢያ አለ። አንኮበር፣ ጣርማበርና ደብረ ሲና ላይ የምሥራቅ ነፋስ ከአፋር ቆላ የሚያመጣው አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። የደብረ ብርሃን ትንበያ ፀሐይ እያሳየ አፋፉ ቀኑን ሙሉ ሊረጥብ ይችላል። እዚያ ያለ ሰው ከዝናብ ቁጥር ይልቅ የአየሩን እርጥበት መከታተል አለበት።

ነፋሱ፦ ዋናው ጉዳይ

አፖች ነፋስን በኪሎ ሜትር በሰዓት፣ በሜትር በሰከንድ ወይም በኖት ያሳያሉ። ሜትር በሰከንድን በ3.6፣ ኖትን በ1.85 ሲያባዙ ኪሎ ሜትር በሰዓት ያገኛሉ። መለኪያውን ሳያዩ «ነገ 5 ነው፣ ደካማ ነው» ማለት አደጋ አለው፤ 5 ሜትር በሰከንድ 18 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው፣ ለስንዴ የሚመች ነፋስ።

ቀጥሎ የአቅጣጫው ነገር። «ሰሜን ምሥራቅ» ሲባል ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣ ነፋስ ነው፤ ካርታው ላይ ያለው ቀስት ግን የሚጠቁመው ወደሚሄድበት ነው። ይህን የገለበጠ ሰው ገለባውን ወደ ጎረቤት ማጀት ይልካል።

የተነገረው ፍጥነት ከመሬት 10 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ነው። ገላጣ ሜዳ ላይ በሰው ቁመት፣ ማለትም ሁለት ሜትር ገደማ ላይ፣ የሚደርሰው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። ለዚህ ማረሚያ ሳያስፈልግዎ በቀጥታ ከትንበያው ጋር ማነጻጸር የሚችሉት ልክ በግምት ይህ ነው፦ ለባቄላና ለአተር ከ15 እስከ 25፣ ለስንዴና ለገብስ ከ12 እስከ 20፣ ለጤፍ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ጤፍ ለብቻው የሆነበት ምክንያት ክብደቱ ነው። አንድ ሺህ የስንዴ ፍሬ ከ30 እስከ 45 ግራም ሲመዝን፣ አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ለስንዴ የተመቸ ነፋስ ጤፉን ከእብቁ ጋር ይዞት ይሄዳል።

ከአማካዩ አጠገብ «ድንገተኛ ነፋስ» ወይም ጋስት (gust) የሚባል ሌላ ቁጥር አለ። ብዙ ሰው ያልፈዋል፤ ማለፍ የለበትም። አማካዩ 15 ሆኖ ጋስቱ 35 ከሆነ፣ ምቱ በመጣ ቁጥር እህል ከገለባ ጋር ይወጣል፣ ጋብ ሲል ደግሞ እብቅ ምርቱ ላይ ይመለሳል። ጋስቱ ከአማካዩ እጥፍ ከሆነ ወይም ከ30 ካለፈ ለነፋስ መስጠቱን ያቆዩትና ማበራየቱን ብቻ ይሥሩ።

ሰዓቱም የራሱ ሥርዓት አለው። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ያለው አየር ይረጋል፤ ከላይ የሚነፍሰው ታች አይደርስም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቅ አየሩ ይቀላቀልና የላይኛው ነፋስ ይወርዳል። ስለዚህ በበጋ ጠዋት ቅጠል ሳይንቀሳቀስ ቢያዩ ደቦውን አይበትኑ፤ ነፋሱ በአብዛኛው የሚነሳው ከ4 ሰዓት በኋላ ነው፣ እስከ 10 ሰዓት ገደማም ይቆያል። ጠዋቱን ለማበራየት፣ ከሰዓቱን ለላይዳና ለመንሽ ይስጡት። ትንበያው ቀኑን ሙሉ ከ8 በታች ካለና ፀሐዩ ከባድ ከሆነ ግን እኩለ ቀን ላይ አቧራ እያዞረ የሚነሳውን አዙሪት ይጠብቁ። እሱን የትኛውም አፕ አያሳይም፤ ያልተጫነ ጭድ ካገኘ ወደ ሰማይ ያነሳዋል።

የመጨረሻው እርማት ባህር ዛፍ ነው። የዛፍ ረድፍ ነፋስን የሚያዳክመው ከኋላው እስከ ቁመቱ አስር እጥፍ ርቀት ድረስ ነው። በሰሜን ምሥራቅ በኩል 15 ሜትር የሚረዝም ባህር ዛፍ ካለ 150 ሜትር ያህል የተከለለ ነው። አውድማው እዚያ ውስጥ ከሆነ ትንበያው 16 ሲል እርስዎ የሚያገኙት ግማሹን፣ ያውም እየተቆራረጠ ነው። ከተቻለ አውድማውን ወደ ጉብታ ያውጡት፤ ቦታው የግድ ከሆነ ትንበያው 20 እና ከዚያ በላይ የሚልበትን ቀን ይምረጡ።

ጤዛውን ይለኩ

የጤዛ ነጥብ የሚባለውን ቁጥር፣ ማለትም የአየሩ እርጥበት ወደ ጤዛ መለወጥ የሚጀምርበትን ሙቀት፣ ከሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት ጋር ያስተያዩ። ልዩነቱ ሁለት ዲግሪና ከዚያ በታች ከሆነ ጠዋት ጤዛ፣ ከዜሮ በታች ከወረደ ደግሞ አመዳይ ይኖራል። የረጠበ ነዶ ሲበራይ ፍሬው ከገለባው አይላቀቅም፤ በሬውም ሰውም በከንቱ ይደክማል። ነዶውን በትነው ፀሐይ ይስጡትና አንድ እፍኝ ዛላ በእጅዎ መዳፍ ይሹ፤ ፍሬው በቀላሉ ከወጣ ይጀምሩ። በማሽን ለሚወቃም ይህ አይቀርም፤ ማሽን ነፋስ ባይፈልግም ደረቅ እህል ይፈልጋል።

ውሳኔው በምን ቅደም ተከተል?

ከአስር ቀን በፊት የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትን የአስር ቀን ትንበያ ይስሙ። ከእሱ የሚፈለገው አጠቃላይ መንፈሱ ነው፦ ደረቅ ነው ወይስ እርጥበት ይጠበቃል? ጠላው የሚጠነሰሰው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ሌላ ምርጫም የለም፤ ቀን ለመቁረጥ ግን ገና ነው።

ሶስት ቀን ሲቀረው ሁለቱን ሞዴሎች ጎን ለጎን ይክፈቱ። የአውሮፓውና የአሜሪካው ከተስማሙ ለደቦው ቀን ይንገሩ። አንዱ ደረቅ ሌላው 8 ሚሊ ሜትር ካሉ አማካዩን አይውሰዱ፤ እስከ ማግሥቱ ይታገሱ። ሞዴሎቹ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ስለሚታደሱ ጠዋትና ማታ ማየት ይበቃል፣ በየሰዓቱ መክፈት ካርድ መጨረስ ነው። በዋዜማው የሚያዩት የነፋሱን ሰዓት፣ ጋስቱንና የጤዛ ነጥቡን ነው።

በዕለቱ ሶስት ሜትር እንጨት ተክለው አንድ ሜትር ቀጭን የፌስታል ክር ይሰሩበት። ክሩ ተንጠልጥሎ ከቀረ ጤፍም አይነፍስም፤ ገደድ ብሎ ሳያቋርጥ ከተወዛወዘ ይጀምሩ፤ ተወጥሮ እየተርገፈገፈ አቧራ ከተነሳ ያቁሙ። ነፋሱ በጎንዎ እንዲያልፍ ሆነው ይቁሙና ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይወርውሩ፤ ወደ ነፋሱ የሚወረውር ሰው እብቁን ፊቱ ላይ ይቀበላል። ነፋሱ በሚሄድበት በኩል እሳት የሚነድበት ማጀት፣ የከብት ውሃ ወይም የተሰጣ በርበሬ እንዳይኖር ቀድመው ይዩ። ነፋሱ መሐል ላይ አቅጣጫ ከቀየረ ምርቱን እንዳለ ትተው እርስዎ ይዙሩ፤ ክምሩን ማዛወር የተለየውን እንደገና መቀላቀል ነው።

ማምሻውን ምርቱን መሐሉ ከፍ ያለ ክምር አድርገው በሸራ ይሸፍኑ፤ ጠርዙን በድንጋይ ይጫኑት፣ ዙሪያውንም የውሃ መውረጃ ይቆፍሩለት። ወደ ጎተራ ከማስገባትዎ በፊት ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ሲሶውን እህል ሞልተው ሁለት ሶስት ማንኪያ የደረቀ ጨው ይጨምሩ፣ ክዳኑን ገጥመው አንድ ደቂቃ ይናጡና 15 ደቂቃ ያቆዩት። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ስንዴ ሳይነቅዝና ሳይሻግት እንዲቆይ ከ13 በመቶ በታች መውረድ ስላለበት ቀጣዮቹን ሁለት ፀሐያማ ቀናት ትንበያው ላይ ፈልገው እንደገና ያስጡት።