የድሮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

ብዙ ቤት ቁም ሳጥን ላይ የካሴት ካርቶን አለ። ዘፈኑን ሌላ ቦታም ታገኙታላችሁ። ውጭ አገር ላለ ዘመድ የተቀዳው የድምፅ ደብዳቤ፣ የአያት ተረት፣ የሠርጉ ቀን ሽለላ ግን ያለው እዚያ ካርቶን ውስጥ ብቻ ነው። ድሮ ድምፅ መጠበቅ የማኅደር ቤቶች ሥራ ነበር። አሁን የእኛም ሆኗል።

ሳያዩ ማጫወት

ዓመታት የተቀመጠ ካሴት ክሩ ይላላል፤ ዝም ብላችሁ ከከተታችሁት ቴፑ ይበላዋል። መጀመሪያ በእስክሪብቶ አጠንጥኑት። የቴፑን ሄድ (ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል) አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉ። ካሴቱ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮችም ስበሩ፤ በስህተት ሪከርድ ብትጫኑ እንኳ አይጠፋም።

«ሌላ ጊዜ» ማለት

ካሴቱ ቢቆይ ማጫወቻው አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ማኅደሮች ማኅበር ስለዚሁ የማስጠንቀቂያ ዘመቻ ጀምረዋል። ደህና ቴፕ ካላችሁ አትሽጡት።

በኤምፒ3 ብቻ ማስቀረት

ኤምፒ3 ፋይሉን ለማሳነስ ከድምፁ ይቀንሳል፤ የተቀነሰው አይመለስም። ዋናውን ከድምፁ በማይቀንሰው የፋይል ዓይነት፣ በዌቭ (WAV) ያዙ። የ60 ደቂቃ ካሴት፣ ማኅደሮች በሚመርጡት የጥራት ደረጃ (በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ) ሲገለበጥ 2 ጊጋባይት ገደማ ነው። በቴሌግራም የምትልኩትን ከዚያ አሳንሱ።

ድምፁን «ማጽዳት»

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። እናቴ ዋሽንግተን ለነበረው አጎቴ የላከችውን ካሴት አንድ ስቱዲዮ ወሰድኩት። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣ። ግን ቡናው የሚወቀጥበት ሙቀጫ የለም። አያቴ ከኋላ «የጥጃዋንም ንገሪው» ያሉት የለም። እናቴ እንባዋን እስክትውጥ ዝም ያለችበትም ተቆርጧል። ደግነቱ ካሴቱን አልጣልኩትም ነበርና እንደገና አስገለበጥኩት፤ ምንም ሳይነካ። ማጽዳት ካማራችሁ በቅጂው ላይ ይሁን።

ስልክ ላይ ብቻ መተው

ስልክ ይሰረቃል፣ ሃርድ ዲስክ ይበላሻል። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ።

ፋይሉን «ትራክ 01» ብሎ ማለፍ

ማን፣ የት፣ መቼ እንደተቀዳ ካልተጻፈ ድምፁ ኖሮም የለም። ሽፋኑ ላይ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ፎቶ አንሱ። ከሁሉ በላይ፣ ድምፁን የሚለዩት ሰዎች በሕይወት እያሉ አብራችኋቸው አዳምጡ። እናቴ የራሷን ካሴት ስትሰማ ከኋላ የሚያስለው ሰው ማን እንደሆነ ወዲያው ነገረችኝ። ጎረቤታችን ነበሩ። ስማቸውን እዚያው ጻፍኩት።