የሆራስ ግሪሊን መታሰቢያዎች በአንድ የባቡር መስመር መጎብኘት

ኒው ዮርክ ውስጥ «ትሪቢዩን» የተባለውን ጋዜጣ የመሠረተውን የአሜሪካዊውን ጋዜጠኛ የሆራስ ግሪሊን ሐውልት የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያገኘው የተቀናቃኙን መታሰቢያ ነው። የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያው «34ኛ መንገድ ሄራልድ አደባባይ» ስለሚባል፣ ሰዉ ከሰሜኑ መውጫ ይወጣና ደወል ከሚመቱት ሁለት ሠራተኞች በላይ የቆመችውን የሮማውያን የጥበብ አምላክ ሚነርቫን ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። ያ ግን የ«ሄራልድ» ጋዜጣ ባለቤቶች የነበሩት የቤኔቶች መታሰቢያ ነው። ብሮድዌይና ስድስተኛው ጎዳና እንደ መቀስ ስለሚተላለፉ ሁለት ሦስት ማዕዘን ቦታዎች ተፈጥረዋል፤ የሰሜኑ የሄራልድ፣ የደቡቡ የግሪሊ ነው። ስለዚህ ወደ 32ኛ ወይም 33ኛ መንገድ የሚያወጣውን ደረጃ ይምረጡ።

ግሪሊ አደባባይ ስሙን ያገኘው በ1894 ነው (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ሐውልቱን የሠራው አሌክሳንደር ዶይል ሲሆን፣ ለማቆሙ የደከሙት በተለይ የማተሚያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። ይህም ያለ ነገር አይደለም፤ ግሪሊ በፊደል ለቃሚነት ያደገ ሰው ነበር፣ በ1850 የከተማው አታሚዎች ማኅበር ሲቋቋምም የመጀመሪያ ሊቀመንበር አድርገው የመረጡት እሱን ነው። እዚህ ሃያ ደቂቃ ይበቃል።

ከዚያው ጣቢያ ወደ ደቡብ የሚሄደውን «አር» ባቡር ይዘው እስከ ሲቲ ሆል (ማዘጋጃ ቤት) ጣቢያ ይሂዱ። ጉዞው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ «ኤን» እና «ኪው» በዚያው መስመር ላይ ስለሚያልፉ ቀድሞ የመጣውን መሳፈር ያጓጓል። ሁለቱም ግን ቀን ቀን ከካናል መንገድ በኋላ በማንሃታን ድልድይ አድርገው ወደ ብሩክሊን ስለሚሻገሩ ሲቲ ሆል አይቆሙም። ሌሊት ደግሞ «አር» 34ኛ መንገድም ሆነ ሲቲ ሆል ስለማይደርስ ጉዞውን በቀን ያድርጉት።

ሲቲ ሆል ሲወርዱ በመናፈሻው ዙረው ከማዘጋጃ ቤቱ በስተምሥራቅ ያለውን ሐውልት ይፈልጉ። የሕንፃው ግቢ በጥበቃ ስለታጠረ አቋርጦ ማለፍ አይቻልም። ይህን የሠራው ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ዋርድ ነው፤ በ1890 ሲመረቅ የቆመው እዚህ ሳይሆን በ«ትሪቢዩን» ሕንፃ ደጃፍ ነበር። ሁለቱም ሐውልቶች ተቀምጠው ስለሚታዩ፣ ፎቶ ሲያነሡ የቦታውን ምልክት አብረው ካላስገቡ በኋላ ይምታቱብዎታል። እንደ ሥራ ካየነው የዋርዱ ይበልጣል።

አሁን ፓርክ ሮው የተባለውን ጎዳና ይሻገሩ። በ1841 በአንድ ሳንቲም መሸጥ የጀመረው «ትሪቢዩን» የነበረበት ሕንፃ በ1966 ፈርሶ ቦታውን ፔስ ዩኒቨርሲቲ ይዞታል። የድሮውን የጋዜጦች ሰፈር የሚያስታውስ ነገር ቢኖር ጋዜጣ የያዘው የቤንጃሚን ፍራንክሊን ሐውልት ነው። በነሐሴ 1862 ግሪሊ ለፕሬዚዳንት ሊንከን ስለ ባሮች ነጻነት የጻፈው ግልጽ ደብዳቤ የወጣው በዚሁ ጋዜጣ ላይ ስለሆነ፣ አብሮዎት ለመጣ ሰው ታሪኩን ለመንገር ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። «ወጣቱ፣ ወደ ምዕራብ ሂድ» የሚለውን አባባል ግን የሱ ነው ብለው አይማሉ፤ መጀመሪያ የተናገረው ማን እንደሆነ ያከራክራል።

እንደገና «አር» ይዘው ብሩክሊን 25ኛ መንገድ ይውረዱ። መንገድ ላይ ፈጥኖ ወደሚሄድ ባቡር ከቀየሩ ይህን ጣቢያ ዘልሎ 36ኛ ያወርድዎታል። ከጣቢያው አንድ መንገድ ሽቅብ ሲወጡ በአምስተኛው ጎዳና ላይ የግሪንዉድ መካነ መቃብር ዋና በር አለ። በ1872 የፕሬዚዳንት ምርጫ በግራንት የተሸነፈው ግሪሊ ወር ሳይሞላው፣ ገና ፕሬዚዳንቱን በይፋ የሚመርጠው የመራጮች ጉባኤ ድምፅ ሳይሰጥ፣ ኅዳር 29 ቀን አርፎ የተቀበረው እዚህ ነው። ቦታው 478 ኤከር ኮረብታማ መሬት ስለሆነ በግምት መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ካርታ ይያዙ፣ መቃብሩን አስቀድመው ምልክት ያድርጉበት፣ ሁለት ሰዓት ይመድቡ፣ የሚመች ጫማም ያድርጉ።

ኮሎራዶ ውስጥ በ1870 የተቆረቆረችው የግሪሊ ከተማና ካንሳስ ውስጥ ዋና ከተማው «ትሪቢዩን» የሚባለው የግሪሊ አውራጃ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ። ሌላ አንድ ቀን ካለዎት ግን ከግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ በሃርለም መስመር ከከተማው ውጭ ወዳለችው ቻፓኳ ይሂዱ፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ከ1864 ጀምሮ የኖረበት ቤት በአካባቢው የታሪክ ማኅበር እጅ ነው፤ ሁልጊዜ ክፍት ስለማይሆን ከመነሣትዎ በፊት የመጎብኛውን ቀን ይጠይቁ። በኮንክሪት ያሠራው ጎተራ «ሬሆቦት» ግን ዛሬ የግል መኖሪያ ቤት ነውና ከመንገድ አይቶ ማለፍ እንጂ ደጅ ማንኳኳት አይገባም።